የደሴ ቦምብና የፓሪስ ወረቀት፦ ስለ ፒየር ላቫል ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ኅዳር 26 በቀረበ ቁጥር ስለ ደሴ የቦምብ ድብደባ የሚጽፉልን አንባቢዎች ይበዛሉ። በዚህ ዙር ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ፈረንሳዊ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስለነበረው ፒየር ላቫል። «የፓሪስ ወረቀት» ያልነው እሱና የእንግሊዙ ሆር ጦርነቱን ለማቆም ብለው፣ ከኢትዮጵያ ምድር ለጣሊያን እንዲሰጥ የፈረሙትን ዕቅድ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል። ዓ.ም. ያልነው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. ብለናል።

*

ጥያቄ፦ በታሪክ ክፍለ ጊዜ መምህራችን «የሆርና የላቫል ስምምነት» ብለው አለፉት። ሆር የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደነበረ ነግረውናል። ላቫል ግን ማን ነው? ከየት ተነስቶ ነው በእኛ አገር ላይ የሚወስነው?
(የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ ሆጤ)

መልስ፦ ላቫል የተወለደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1883 በማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ ኦቨርኝ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ሻቴልዶን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያና ሥጋ ቤት ነበረው፤ ፖስታም በጋሪ ያመላልስ ነበር። ልጁ በትምህርት ቤቶች ውስጥ የተማሪ ተቆጣጣሪ ሆኖ እየሠራ ተማረ። መጀመሪያ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ቀጥሎ ሕግ አጠና። በ1909 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ገብቶ ጠበቃ ሆነ፤ ደንበኞቹም በአመዛኙ ሠራተኞችና የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ነበሩ።

ፖለቲካውን የጀመረው በሶሻሊስትነት ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ከ1923 ጀምሮ ደግሞ ከፓሪስ ጥግ ያለችው የሠራተኞች ከተማ የኦበርቪሊዬ ከንቲባ ሆነ። ያን ወንበር እስከ 1944 ድረስ አለቀቀውም። በመካከሉ ከሶሻሊስቶቹ ተለይቶ ያለ ፓርቲ መንቀሳቀስ ያዘ፤ ከግራውም ከቀኙም ጋር እየተደራደረ ከሚኒስቴር ወደ ሚኒስቴር ወጣ። ጋዜጣና ራዲዮ ጣቢያ ገዛ፤ በተወለደባት ከተማ ያለውን የጥንት ግንብም የራሱ አደረገ። በጥር 1931 እ.ኤ.አ. በ47 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ የአሜሪካው ታይም መጽሔትም የዚያ ዓመት ሰው ብሎ ሰየመው።

ልታስተውል የሚገባህ ጠባዩን ነው። ላቫል የሕዝብ ፊት ተናጋሪ አልነበረም፤ ጉልበቱ ዘግቶ በሁለት ሰው መካከል መነጋገር ላይ ነበር። ማንኛውም ጠብ በዋጋ ይፈታል ብሎ ያምናል፤ ዋጋውን ካወቅህና ከፋዩን ካገኘህ አለቀ። ፈረንሳይ ውስጥ አሠሪንና ሠራተኛን ሲያስታርቅ ይህ ጠቅሞታል። ወደ ውጭ ጉዳይ ሲሻገር ግን ከፋዩ ሁልጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያልተቀመጠው ሰው ሆነ። ቀጥሎ የምትጠይቁትን ሁሉ በዚህ በኩል ብታዩት ይገጥምላችኋል።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው በጥቅምት 1934 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሉዊ ባርቱ ማርሴይ ላይ የዩጎዝላቪያው ንጉሥ አሌክሳንደር በተገደሉበት ጥቃት ሞተ፤ ላቫል ወንበሩን ወረሰ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ግጭት ፈነዳ።

*

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም አዘጋጆች። አባታችን «ፈረንሳይ ከጦርነቱ በፊት ሮም ላይ ሸጠችን» ይሉ ነበር። በርግጥ የተሸጠ ነገር አለ? ካለስ በስንት?
(የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። አባትዎ ያሉት መሠረት አለው። ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር የተፈራረመው እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1935 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927፣ የገና ዕለት።

በግልጽ የተጻፈው ይህ ነው። ከሊቢያ ደቡብ፣ ያኔ በፈረንሳይ እጅ ከነበረው ቻድ፣ 114,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ ለጣሊያን ይሰጣል። ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ የዛሬዋ ጅቡቲ፣ ጠባብ የባሕር ዳርቻና የዱሜራ ደሴት ይጨመርላታል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር ኩባንያ ደግሞ 2,500 አክሲዮን ጣሊያን ትገዛለች። በምላሹ ጣሊያን በቱኒዝያ ላይ የነበራትን ጥያቄ ታለዝባለች፤ ሂትለር ኦስትሪያን ቢነካም ሁለቱ አገሮች አብረው ይመክራሉ። ላቫል የሚፈልገው የመጨረሻውን ነበር።

እኛን የሚመለከተው ግን በምስጢር የተለዋወጡት ደብዳቤ ነው። ፈረንሳይ ከባቡር ሐዲዱና ከአካባቢው በቀር በኢትዮጵያ ውስጥ የኢኮኖሚ ጥቅም እንደማትፈልግ፣ ለጣሊያን እንደምትለቅ ይገልጻል። ቃሉ «ኢኮኖሚ» ነው። ይሁንና ሁለቱ ሰዎች ሮም ባለው የፈረንሳይ ኤምባሲ ለብቻቸው ተነጋግረዋል፤ የዚያ ንግግር ቃለ ጉባኤ የለም። ሙሶሊኒ «እጅህን ዘርጋ ብሎኛል» አለ፤ ላቫል «የተናገርሁት ስለ ንግድ ብቻ ነው» አለ። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ ጦርነቱ እየነደደ፣ በዚህ ላይ ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ሁለቱም በአቋማቸው ጸኑ።

የእኛ ፍርድ ይኸውላችሁ። ላቫል ጦርነት ፈቅዶ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ወልወል ላይ ደም ከፈሰሰ አንድ ወር በኋላ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሰጥቶ መውጣቱ ብቻውን በቂ ጥፋት ነው። ሙሶሊኒን የመሰለ ሰው ሁለት ትርጉም ሲሰጠው የሚይዘው የሚጠቅመውን ነው።

ለጠቅላላ እውቀት፦ ስምምነቱ ሙሉ በሙሉ አልጸደቀም፤ ጣሊያን ራሷ በ1938 እ.ኤ.አ. አልቀበለውም አለች። ሆኖም ጣጣው ከፈራሚዎቹ ዕድሜ በላይ ኖሯል። ሊቢያና ቻድ አውዙ በሚባለው በዚያው በረሃ ተዋግተው በ1994 እ.ኤ.አ. የዓለም ፍርድ ቤት ለቻድ ፈረደ። ኤርትራና ጅቡቲም በ2008 እ.ኤ.አ. የተጋጩት ዱሜራ ላይ ነው።

*

ጥያቄ፦ ደሴ የተደበደበችው ፓሪስ ላይ በተዶለተው ምክንያት ነው የሚል ሰው አለ። እውነት ነው? ንጉሡ ራሳቸው ተኩሰዋል የሚባለውስ?
(ባለ ሱቅ፣ ደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ ድብደባው በወረቀቱ ምክንያት አልመጣም፤ ቀኖቹን ስንደረድር ግልጽ ይሆናል። ጣሊያን መረብን የተሻገረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ደሴ ገብተው ጠቅላይ ሰፈራቸውን እዚህ አደረጉ። ይህን ጣሊያን ያውቃል። ኅዳር 26 ጠዋት ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች መጡ፤ የሚያፈነዳም የሚያቃጥልም ቦምብ ጣሉ። ዒላማው ንጉሠ ነገሥቱና የጦር ሰፈሩ ነበር፤ የተመታው ግን ከተማው ነው። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ያስተዳድረው የነበረው የተፈሪ መኰንን ሆስፒታል ቀይ መስቀል ተዘርግቶበት ሳለ ተመታ። የሣር ክዳን ቤት በሚያቃጥል ቦምብ እንዴት እንደሚያያዝ ለደሴ ሰው መንገር አያሻም።

ንጉሠ ነገሥቱ መተኮሳቸው እውነት ነው። ወደ መጠለያ ሳይገቡ ከአይሮፕላን መቃወሚያው ኋላ ቆመው ተኩሰዋል፤ ያን ጊዜ በከተማው የውጭ ጋዜጠኞች ስለነበሩ ፎቶግራፉ በዓለም ዙሪያ ታትሟል።

አሁን ፓሪስን እንይ። የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆር ለዕረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሲያልፍ ኅዳር 27 ፓሪስ ወርዶ ከላቫል ጋር ተቀመጠ። ኅዳር 28 ወረቀቱን ፈረሙ። ማለትም የደሴ ጭስ ሳይጠራ፣ በድብደባው ማግስት ውይይት ጀምረው በሦስተኛው ቀን ጨረሱ። አንዱ ሌላውን አላስከተለም፤ ላቫል ግን ስለ ደሴ የሚያትቱ ቴሌግራሞች በጋዜጣ እየወጡ ብዕሩን አነሣ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

መልሱ የተሰጠውም ከደሴ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ሆነው ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እንኳ መቀበል ሕዝባቸውንም የመንግሥታቱን ማኅበርም መክዳት እንደሆነ ለዓለም አስታወቁ። የደሴ ትምህርት ቤቶች ይህን ከቦምቡ እኩል ቢያስተምሩት እንወዳለን፤ ልጆች ስለተደበደበችው ከተማ ይሰማሉ፣ እምቢ ስለተባለባት ከተማ ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

*

ጥያቄ፦ የታሪክና ጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የሆርና የላቫልን ዕቅድ በካርታ ላይ ለማሳየት እፈልጋለሁ። በመጽሐፍ ያለው «ከፊል ትግራይና ኦጋዴን» ብሎ ያበቃል። ድንበሩ በትክክል የት የት ያልፍ ነበር?
(መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶናል። ሰነዱ በኬክሮስና በኬንትሮስ ስለሚናገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልግዎ የዲግሪ መስመር ያለበት የኢትዮጵያ ካርታ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ሁለት ቀለም ነው። ኤርትራን የሚያካትት የአፍሪካ ቀንድ ካርታ ከሆነ ይሻላል፤ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ብቻ ያለችበት ካርታ አሰብን አያሳይምና ግማሹ ነገር ይጠፋል።

ከደቡቡ ይጀምሩ፤ ቀላሉ እሱ ነው፤ ስፋቱም ዋናው። በሰሜን 8ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ አግድም ያስምሩ። በምዕራብ በ35ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ቁልቁል እስከ ኬንያ ወሰን ያውርዱ። በደቡብ የኬንያ ወሰን ነው፤ በምሥራቅ ደግሞ ቀጥለን የምንነግርዎ አዲስ የኦጋዴን ድንበር። ይህ ሁሉ ለጣሊያን «የኢኮኖሚ መስፋፊያና የሰፈራ ክልል» እንዲሆን የታሰበው ነው። ጅማ፣ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጎባ፣ ጂንካ ያሉበት ምድር ሁሉ ውስጥ ይገባል። ዝዋይ መስመሩ ሥር ትወድቃለች፤ አዳማ በጥቂቱ ታመልጣለች። ጋምቤላ ከ35ኛው ዲግሪ በስተምዕራብ ስለሆነች ውጭ ነች። ለተማሪዎች ስፋቱን ለማስገመት አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ይንገሯቸውና ከ8ኛው ዲግሪ እስከ ሞያሌ አካባቢ ያለውን ቆጥረው ያባዙ፤ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ኦጋዴን ላይ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የሶማሊያ ወሰን የሚገናኝበትን ነጥብ ያግኙ። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መስመር ይሳቡ፤ ዋቢ ሸበሌን አቋርጦ ቆራሄን ለጣሊያን፣ ዋራንደብን ለኢትዮጵያ አስቀርቶ የያኔውን የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ወሰን 45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ይገናኘዋል። ሰነዱ ወንዙ የሚቆረጥበትን ቦታ ኢዲዶሌ ይለዋል፤ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ስለማይገኝ ቀብሪደሃርን ምልክት አድርገው ከእሷ በስተደቡብ ምሥራቅ አጠገብ ያለውን ቆራሄን ይያዙ።

ትግራይ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጣሊያን የሚተላለፈው ምሥራቁ ነው፤ በደቡብ ገባ ወንዝ፣ በምዕራብ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመር ይወስነዋል። መስመሩ በአክሱምና በዓድዋ መካከል ያልፋል፤ አክሱም ለኢትዮጵያ፣ ዓድዋ ለጣሊያን። ሁለቱ ከተሞች 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ካርታዎ አንድ ለአምስት ሚሊዮን ከሆነ ይህ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በወፍራም ቀለም ካሰመሩ ሁለቱም ከተሞች ይሸፈናሉ፤ ተማሪው ማየት ያለበትን ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ክፍል በሰሌዳው ጥግ ለብቻው አጉልተው ይሳሉት። 40 ዓመት ቀድሞ ጣሊያን ድል የተነሣችበትን ዓድዋን ለይቶ በጣሊያን በኩል ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይቸግርዎትም።

በመጨረሻ አሰብ። ለኢትዮጵያ «ካሣ» ተብሎ የታሰበው ይህ ነው፦ የአሰብ ወደብና ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ወሰን ጎን ለጎን የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ፤ አውሳም በኢትዮጵያ በኩል ይቀራል። ይሁንና ከጅቡቲው ሐዲድ ጋር የሚወዳደር ባቡር እንዳይሠራበት መፈለጉ ሲሰማ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በርእሰ አንቀጹ «የግመሎች መተላለፊያ» አለው።

ተማሪዎች ሁለት ስሕተት ይሠራሉ። አንደኛው ደቡቡንና ትግራይን በአንድ ቀለም መቀባት ነው። ትግራይና ኦጋዴን ላይ የታሰበው ርክክብ ነው፤ በሙሉ ቀለም ይቀቡ። ደቡቡ በስም በኢትዮጵያ ሉዓላዊነት ሥር ይቀራል ስለተባለ በሰረዝ ይሁን። «በስም» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሬቱን የማልማትና ሰው የማስፈር ብልጫው የጣሊያን ሆኖ አስተዳደሩ በመንግሥታቱ ማኅበር ስም ጣሊያን ዋና ድርሻ በያዘችበት አካል ሥር ይውል ነበር። ሁለተኛው ስሕተት ደሴን ውስጥ ማስገባት ነው። ደሴ በ11 ዲግሪ ላይ ስላለች ከዕቅዱ ውጭ ነበረች፤ ከዕቅዱ ውጭ መሆኗ ግን ከቦምቡ አላዳናትም።

*

ጥያቄ፦ ከአባቴ የቆየ ማስታወሻ ላይ ደሴ ኅዳር 26 ተመታች ይላል። ወልወልም ኅዳር 26 ይላል። በፈረንጁ ግን አንዱ ዲሴምበር 5 ሌላው ዲሴምበር 6 ነው። የቱ ተሳስቷል?
(ጡረተኛ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አንዱም አልተሳሳተም፤ አባትዎ በጥንቃቄ የጻፉ ሰው ነበሩ። ወልወል ኅዳር 26 ቀን 1927 ነው፣ ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928፤ በእኛ አቆጣጠር ድፍን ዓመት።

ልዩነቱን ያመጣችው ጳጉሜን ናት። 1927 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ሆነች። ስለዚህ የ1928 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መዋሉ ቀርቶ በ12 ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ይገፋል፤ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 መሆኑ ቀርቶ 11 ይሆናል። ግፊቱ የሚያበቃው ፈረንጆቹ የራሳቸውን ትርፍ ቀን ፌብሩዋሪ 29 ሲጨምሩ ነው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ማርች 31፣ ጣሊያን ደሴ የገባችበት ሚያዝያ 7 ኤፕሪል 15 ሆነው የተስተካከሉት ለዚህ ነው።

ወደ 19ኛው መቶ ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉትም፤ ከዚያ በፊት ያሉ ቀኖች በዛሬው ስሌት ሲቀየሩ በአንድ ይሳሳታሉ። የላቫል የልደት ቀን ጁን 28 ቀን 1883 በዛሬው ስሌት ሰኔ 21 ይወጣል፤ ትክክሉ ሰኔ 22 ቀን 1875 ነው። ማረጋገጫ ከፈለጉ የዓድዋን ድል ይውሰዱ፦ የካቲት 23 ያን ዓመት በማርች 1 ዋለ፣ ዛሬ ግን በማርች 2 እናከብረዋለን።

*

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ለምን ፈረሰ? ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ ጣሊያን ትቆም ነበር የሚባለውስ?
(የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ያፈረሰው ወሬው መውጣቱ ነው። ዕቅዱ በምስጢር ሮምና አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ ጄኔቭ ላለው የመንግሥታቱ ማኅበር ሊቀርብ ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ የፓሪስ ጋዜጦች ዝርዝሩን አወጡት፤ ዠንቪየቭ ታቡዊ በሎቭር ጋዜጣ፣ ፐርቲናክስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ጋዜጠኛ ደግሞ በሌኮ ደ ፓሪ። እንግሊዝ አገር መንግሥት ከጥቂት ሳምንት በፊት ለመንግሥታቱ ማኅበር እቆማለሁ ብሎ ተመርጦ ስለነበር ሕዝቡ ተቆጣ፤ የምክር ቤት አባላት በደብዳቤ ተጥለቀለቁ። መጀመሪያ ዕቅዱን ያጸደቀው ካቢኔ ወደ ኋላ አለ፤ ሆር ታኅሣሥ 8 ሥራውን ለቀቀ፤ በቦታው አንቶኒ ኢደን ገባ።

ላቫል ለጊዜው ተረፈ። በፈረንሳይ ምክር ቤት ሌዎን ብሉም፣ ኢቮን ዴልቦና ፖል ሬይኖ ፊት ለፊት ወቀሱት፤ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ግን ወንበሩ ላይ ቆየ። ጥር 13 ወደቀ። የወደቀው በእኛ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የመንግሥት ወጪን፣ ደመወዝና ጡረታ ጭምር፣ በመቶ 10 ስለቆረጠ አገሩ ሁሉ አኩርፎት ነበር።

ነዳጁን በተመለከተ፦ የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያንን መስከረም 26 ወራሪ ብሎ ማዕቀቡ ኅዳር 8 ተጀመረ። የተከለከለው የጦር መሣሪያ፣ ብድር፣ ከጣሊያን የሚገዛ ዕቃና አንዳንድ ጥሬ ዕቃ ነው። ነዳጅ አልተነካም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። በነዳጁ ላይ ሊመክር የነበረው ስብሰባ ለኅዳር 19 ተቀጥሮ ሳለ በላቫል ጥያቄ ወደ ታኅሣሥ 2 ተገፋ፤ የፓሪሱ ወረቀት የተፈረመው በዚያ በተገዛው ጊዜ ውስጥ ነው። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፖል ሽሚት እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ በኋላ ነዳጅ ተከልክሎ ቢሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ እንዲወጣ ይገደድ እንደነበር ለሂትለር ነግሮታል። እኛ «በአንድ ሳምንት» የሚለውን እንዳለ አንወስደውም፤ አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልነበረች ነዳጇን መሸጥ ትችል ነበር። ግን በአይሮፕላንና በካሚዮን የሚዋጋ ጦር ነዳጁ ሲያጥር ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በጣርማ በር አድርጎ አዲስ አበባ የገባው በካሚዮን ሰልፍ ነው።

*

ጥያቄ፦ ላቫል መርዝ ጠጥቶ እየሞተ ሳለ ተረሸነ ይባላል። እውነት ከሆነ ለምን? ለኢትዮጵያስ ተጠይቋል?
(አንባቢ፣ ደሴ ሸዋ በር)

መልስ፦ እውነት ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ባጭሩ እንንገርዎ።

በ1940 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ ላቫል ተመልሶ ብቅ አለ። ሐምሌ 10 ምክር ቤቱ ቪሺ በምትባል ከተማ ተሰብስቦ በ569 ድምፅ ለ80 ሥልጣኑን ለማርሻል ፔታን እንዲያስረክብ ያግባባው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ፔታን ራሱ ከሥልጣን አውርዶ አሰረው። በ1941 ነሐሴ ቬርሳይ ላይ አንድ ወጣት ተኩሶ አቆሰለው፤ ዳነ። በሚያዝያ 1942 ጀርመኖች ደግፈውት የመንግሥት መሪ ሆኖ ተመለሰ፤ በሰኔ በራዲዮ የጀርመንን ድል እመኛለሁ አለ።

በዚያው ንግግር ያቀረበውን ውል ይመልከቱ፦ ሦስት ባለሙያ ሠራተኛ ወደ ጀርመን ሲሄድ አንድ የፈረንሳይ ምርኮኛ ይመለሳል። ይህም ስላልበቃ በየካቲት 1943 በግዴታ መላክ ተጀመረ። ከሁሉ የከፋው በሐምሌ 1942 የሆነው ነው። የፓሪስ ፖሊስ በሁለት ቀን 13,152 አይሁዳውያንን ለቀመ፤ ከ4,000 በላይ ሕፃናት ነበሩባቸው። ጀርመኖች መጀመሪያ ሕፃናቱን አልጠየቁም፤ ከወላጆቻቸው ጋር ይሂዱ ያለው ላቫል ነው። የፈረንሳይ ዜጋ የሆኑትን ለማትረፍ ስደተኞቹን ሰጠሁ ብሎ ተከራከረ። ሮምና ፓሪስ ላይ በእኛ መሬት የሠራውን ስሌት እዚህ በሰው ነፍስ ሠራው።

ጀርመን ስትሸነፍ ወደ ስፔን በረረ፤ ስፔን ወደ ኦስትሪያ መለሰችው፤ አሜሪካኖች ይዘው ለፈረንሳይ ሰጡት። ችሎቱ በጥቅምት 1945 እ.ኤ.አ. በጥቂት ቀን አለቀ። ስለ ችሎቱ እውነቱን መናገር ግዴታችን ነው፤ መጥፎ ችሎት ነበር። ምርመራው ሳይጠናቀቅ ተከፈተ፤ ፍርድ ሊሰጡ የተቀመጡት ሰዎች ተከሳሹን በአደባባይ ሰደቡት፤ እሱም ጠበቆቹም ትተው ወጡ። በሌለበት ሞት ተፈረደበት። ያኔ የፈረንሳይ መንግሥት መሪ የነበረው ደ ጎል ችሎቱ እንዲደገም የቀረበለትን ልመና አልተቀበለም። ጥቅምት 5 ቀን 1938 ዓ.ም. ጠዋት ሊወስዱት ሲመጡ ደብቆት የቆየውን ሲያናይድ ዋጠ። መርዙ አርጅቶ ኃይሉ ደክሞ ነበር። ሐኪሞች ሆዱን አጥበው ነፍሱን መለሱለት፤ በዚያው ቀን በፍሬን እስር ቤት ግቢ ረሸኑት። 62 ዓመቱ ነበር። ወንጀሉ ከባድ ስለነበር በጥሩ ችሎትም ያው ፍርድ ይደርስበት ይሆናል፤ በጥሩ ችሎት ቢሆን ግን የሠራው ሁሉ በማስረጃ ተዘርዝሮ ይቀመጥ ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ አልተከሰሰም። ክሱ ሁለት ነበር፦ በአገር ውስጥ ደኅንነት ላይ ማሴርና ከጠላት ጋር መመሳጠር።

*

ጥያቄ፦ ታዲያ ፈረንሳዮች ሁሉ እንደ ላቫል ናቸው ማለት ነው?
(የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይደለም። ወረቀቱን ያጋለጡት ፈረንሳውያን ጋዜጠኞች መሆናቸውን ከላይ አይተሻል። ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተከራከረውም ጋስቶን ጄዝ የሚባል የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ነው። በ1928 ዓ.ም. ከጥር ጀምሮ ሙሶሊኒን የሚደግፉ ቀኝ አክራሪ ተማሪዎች ሊያስተምር ሲገባ እየጮኹ አላናግር አሉት፤ ረብሻው ስለበረታ የሕግ ፋኩልቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ጄዝ ግን ጥብቅናውን አልተወም።